ጅራቷን የምታወዛውዘው እንግዳ

አዳማ ውስጥ ስለ ወፍ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እስከ ዛሬ ራሱን ደብቆ የኖረ ሰው ነው። ይህን ስል ጉራ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። ጉራ ማለት የሌለህን አለኝ ማለት ነው፤ እኔ ግን ያለኝን ነው የምናገረው፤ እሱንም ቀንሼ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ወንጂ፣ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ፣ በመካኒክነት ነው። ከትምህርት ቤት የወጣሁት ገና ቁጭ ብዬ ሳልሞቅ ነበር። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ የሸንኮራ መጭመቂያና የትራክተር ማኑዋሎች ናቸው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ፈረንጅ ሳገኝ ከ"እንደምን አደሩ" ይልቅ "ዘይት ከመጨመርዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ" ማለት ይቀናኛል። ቢሆንም የሚያስፈልገኝን ሁሉ አንብቤበታለሁ።

ሞተር ሲታመም ሳልፈታው፣ በድምፁ ብቻ፣ ምኑን እንዳመመው እናገር ነበር። ጡረታ ስወጣ እጄ ሲያርፍ ጆሮዬ አላርፍ አለ። አዳማ፣ ከተማው አልቆ ኮረብታው ከሚጀምርበት ሰፈር፣ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማ የሚሰማኝ ሁሉ ወፍ ሆነ። ባጃጁን፣ ድምፅ ማጉያውንና የጎረቤቴን ምላስ ቀንሼ የተረፈውን ማለቴ ነው። ከሰልባጅ ተራ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁ፤ አንዱ ዓይኑ ሞራ ይዞታል፤ ግን እኔም አንዱ ዓይኔ ሞራ ስላለበት ደህና ተስማማን። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ደግሞ የወፍ ሥዕል ያለበት ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። በዚህ ትጥቅ ነው እንግዲህ የተነሳሁት።

ንስርና ፔሊካን ማወቅ ዕውቀት አይደለም። ዝዋይ ዳር የሚሸጥ ዓሣ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ዕውቀት የሚፈተነው በአመዳሞቹ ነው። ትንንሽ፣ አመድ የመሰሉ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ሽው ብለው የሚገቡ ወፎች አሉ፤ በመጽሐፌ ውስጥ ገጽ ሞልተዋል። ሰዓሊው አንዷን ስሎ ሰለቸውና ሌሎቹን በካርቦን የገለበጣቸው ነው የሚመስለው።

ከእነዚህ አንዷ በየዓመቱ በመጋቢት፣ በልጉ ጠብ ጠብ ብሎ አጋሙ ሲያብብ፣ በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው አጥር ላይ ትመጣለች። መልኳን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ጀርባዋ አመድ፣ ሆዷ የታጠበ አመድ፣ ጅራቷ ጠቆር ያለ አመድ። ድንቢጥ ታክላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ማንነቷን ሳያውቅ ይሞት ነበር፤ እኔን የፈጀብኝ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው።

ስህተቱ ቀለሟን ማየቱ ላይ ነበር። ማሽን በቀለሙ አይለይም፤ ቀይም ቀባኸው ሰማያዊ፣ ፓምፕ ፓምፕ ነው። ማሽን የሚለየው በእንቅስቃሴው ነው። ይህ አንድ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅሁ ሳለሁ መጣልኝ፤ መፋቂያዬን ጥዬ ጅራት ማየት ጀመርኩ። ከአመዳሞቹ አንዷ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የምትኖረው፣ አጭር ጅራቷን ሽቅብ ትቀስራለች፤ ድምፅዋ እንደ ፍየል ግልገል ነው። ሌላዋ ጅራቷን ወደ ታች ዝቅ ዝቅ ታደርጋለች፣ እንደ ውሃ ፓምፕ እጀታ። የእኔዋ ግን ረዘም ያለ ጅራቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብላ ታወዛውዘዋለች። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሾፌሩ ማጥፋቱን የረሳው የመኪና መጥረጊያ አይታችኋል? እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገልጬ ጽሑፉን ቃል በቃል ፈታሁት። የምትወልደው ቱርክና ፋርስ አገር፣ ደረቅ ተራራ ላይ፣ እሾሃም ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። የአገሯ ብርድ ሲመጣ ኬንያ ድረስ ትወርዳለች፤ ብርዱ ሲያልፍ ትመለሳለች። እኛ በመንገዷ ላይ ነን። የገረመኝ ማረፊያዋ ነበር። ወንጂ ያን ሁሉ ሸንኮራ አረንጓዴ አድርጎ ዘርግቶላት፣ ቆቃ ውሃውን ሞልቶላት፣ እሷ ሁሉንም ትታ የምታርፈው የእኔ ደረቅ አጥር ላይ ነው። መጀመሪያ ለእኔ ያላት አክብሮት መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ፤ ደረቅ ቁጥቋጦ አገሯን ይመስላታል። ለምለም ነገር አይመቻትም፤ ቅንጭቡ፣ አጋሙ፣ የግራሩ እሾህ፣ በአበባው ላይ የሚርመሰመሰው ነፍሳት ቤቷ ነው። በአማርኛ ስም ስላላገኘሁላት እኔው "ወዝዋዧ" አልኳት።

አጥሩ እንግዲህ ይህ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ እጇም ምላሷም ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። እኔና ባሏ አጥሩን አብረን ነው የተከልነው፤ ስለዚህ ግማሹ የእሷ ነው። በዚያ ዓመት፣ ሁዳዴ ገብቶ ወዝዋዧ ከመጣች ጥቂት ቀን እንዳለፈ፣ ጎረቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ የትልቋ ልጄ ሰርግ ደርሶብኛል።"

"እንኳን ደስ ያለሽ!"

"ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ድንኳኑ ግን ግቢዬ ውስጥ አልገባ አለ።"

"ድንኳኑን አሳንሺዋ።"

"የሙሽራው ዘመድ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ነው። ማንን ላስቀር? እርስዎን ላስቀር?" አለችና አጥሩን በእጇ መታ መታ አደረገችው። "ይሄ እሾህ ይነሳ። ከሰርጉ በኋላ በብሎኬት አሳምረን እናጥረዋለን። ቅንጭቡም ቢሆን ወተቱ ለዓይን ጠንቅ ነው።"

ወዝዋዧ በዚያች ሰዓት ከእጇ ክንድ በማይርቅ ቦታ አጋሙ ውስጥ ሆና ትል እየለቀመች ነበር።

"አይሆንም" አልኩ። "እንግዳ አለብኝ።"

"የት?"

"አጥሩ ላይ።"

ነገሩን ከቱርክ ጀምሬ እስከ ኬንያ አስረዳኋት። አገጯን ይዛ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ "ጋሼ፣ እንግዳ ማለት አንኳኩቶ ገብቶ አመስግኖ የሚወጣ ነው። ይቺ የእርስዎ ወፍ ስንት ዓመት ስትመላለስ አንድ ቀን ደህና ዋላችሁ ብላን ታውቃለች?" አለችኝ። "ደግሞ እውነት እንግዳ ብትሆን አይደል? እኔ የማውቃት ከኩሽናዬ ጀርባ ዓመቱን ሙሉ የምትንጫጫዋ ናት። ሽሮ ሳማስል የምታጫውተኝ።"

"እሷ ሌላ ናት! ያቺ ጅራቷን የምትቀስረው ናት!"

"የወፍ ቂጥ ሲያዩ ነው እንዴ የሚውሉት?" አለችና ሳቋ እስከ መንገድ ተሰማ።

እኔ አልተበገርኩም፤ እሷም አልተበገረችም። ልጅ መዳር ቀልድ አይደለም፤ አባት የሌላት ሙሽራ ደግሞ በጠባብ ድንኳን ተድራ እንድትታማ እናት አትፈልግም። ያንን አልክድም። ግን እኔም በሰው አገር መካከል ያለች መንገደኛን ጣራ አፍርሼባት ልተኛ አልችልም። ወዝዋዧ ገና አልወፈረችም ነበር። በረሃና ባሕር የሚሻገር ፍጡር ታንከሩን ሳይሞላ አይነሳም፤ ዴፖውን መሀል ላይ ብታፈርስበት የትም ይቀራል። በመጨረሻ ጎረቤቴ፣ "ሽማግሌ ይየን" አለች። ደስ አለኝ። በሽማግሌ ፊት ተናግሬ ተሸንፌ አላውቅም።

እንደ ደንቡ እያንዳንዳችን አንድ አንድ መረጥን። እሷ የመረጠቻቸው በሟች ባሏ በኩል ዘመድ የሆኑ፣ የተከበሩ የኦሮሞ ሽማግሌ ነበሩ። ከእጃቸው የፈረስ ጭራ አይለይም፤ ዝንብ ባይኖርም ያወዛውዙታል። እኔ የመረጥኩት የድሮ ባቡር ጡረተኛ ጓደኛዬን ነው። ይህ ምርጫ ከባድ ስህተት መሆኑ የገባኝ ገና ሰምቶ ሳይጨርስ፣ "እኔ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ስመላለስ በባቡር መስኮት ያላየሁት ወፍ የለም። ቱርክ ነው የምትለው? እስቲ እናያለን" ሲለኝ ነው። ጓደኛ በችግር ቀን ይታወቃል ይላሉ፤ እኔስ በደህናው ቀን ባውቀው ምን ነበር?

ጠዋት እንድንቀመጥ ለመንኩ፤ ረፋዱ ላይ የአዳማ ንፋስ ከተነሳ እንኳን ወፍ ባርኔጣም ቦታው አይገኝም። በግቢዬ ውስጥ፣ ከአሮጌ አውቶቡስ ያወጣኋቸውን ወንበሮች ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙሬ ደረደርኩ። ስለ ግቢዬ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ቁርጥራጭ ብረት የሞላበት ይለዋል። የሞላበት ግን ዕውቀት ነው። የፓምፕ ቤት፣ ጊርቦክስ፣ የተፈታ ዲናሞ፣ በሩ የሚዘጋ የካሚዮን ጋቢና ሳይቀር አለ። እያንዳንዱ አንድ ቀን ያስፈልጋል። እስካሁን ያ ቀን ያልመጣላቸው አሉ።

ጎረቤቴ ለሽማግሌዎቹ ሱፍ ፍትፍት አቀረበችላቸው። ይህ በእኔ ግቢ፣ በእኔ ወንበር ላይ የተፈጸመ ጉቦ ነበር፤ ግን ስለጣፈጠኝ አልተቃወምኩም። ከበላን በኋላ ባለ ጭራው ሽማግሌ የነገሩን ሥር እንዲህ ብለው ተከሉት፦

"ጉዳዩ አንድ ነው። ወፊቱ እዚሁ የምትኖር ከሆነች ሌላ ዛፍ ትፈልግ፤ ሰርግ ይበልጣል። ከሩቅ የመጣች መንገደኛ ከሆነች ግን እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደክሞት ሳለ ከመጠለያው አይነሳም። እንግዲህ አሳየን።"

"ይቺው ትመጣለች፤ ዝም እንበል ብቻ" አልኩ።

ሽማግሌ ግን ዝም ማለት አይችልም። ገና አልጀመርንም፤ ምርቃት ይቀድማል። ባለ ጭራው ሽማግሌ ተነሥተው በኦሮምኛ መረቁ፤ በየመሀሉ ሁላችንም "ሀዬ! ሀዬ!" አልን። በሁለተኛው "ሀዬ" ወዝዋዧ አጋሙ ላይ ብቅ ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ጥልቅ አለች። ከዚያ ጓደኛዬ ቅር እንዳይለው በአማርኛ መረቀ። እሱ ሲመርቅ ከሙሽራይቱ ጀምሮ እስከ ዓለም ሰላም ይደርሳል፤ "አሜን! አሜን!" ባልን ቁጥር ከአጥሩ ውስጥ አንድ ነገር ሽው ይላል። ቀጥሎ የጓደኛዬ ስልክ ጮኸ። ስልኩን ሩቅ አድርጎ ይዞ፣ "ሽምግልና ላይ ነኝ! ስለ ወፍ ነው! ወፍ! ወ-ፍ!" እያለ ለልጁ አስረዳ። ሞጆ ያለ ሰው ያለ ስልክ ይሰማው ነበር።

በዚህ መሀል ከአጥሩ ሥር ያቺ የግቢዋ አመዳም ወጣች። አጭር ጅራቷን ቀስራ፣ እንደ ግልገል እየጮኸች፣ በሽማግሌዎቹ ፊት ዱብ ዱብ አለች።

"ይቺ ናት የቱርኳ?" አለ ጓደኛዬ።

"ይቺማ የእኔዋ ናት!" አለች ጎረቤቴ እጇን አጨብጭባ። "የኩሽናዬ ናት! አላልኩም?"

ባለ ጭራው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር አሉ። "ጨረስን?"

አጥሩ ሲቆረጥ ታየኝ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሌላ ሰው በሕይወቱ አንዴ እንኳን የማይመጣለት ሐሳብ የመጣልኝ። ብድግ አልኩና ኮፍያዬን አወለቅሁ።

"ከመፍረዳችሁ በፊት" አልኩ ድምፄን አወፍሬ፣ "ይህን አጥር ከእኔ ጋር ለተከለው፣ የልጁን ሰርግ ሳያይ ላለፈው ጎረቤቴ፣ የኅሊና ጸሎት እናድርግ።"

ለኅሊና ጸሎት እንቢ የሚል ሰው አዳማ ውስጥ አልተወለደም። ሁሉም ተነሡ። ጎረቤቴ እንኳን ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ደፋች፤ ተንኮሌን ታውቃለች፤ ግን በባሏ ስም ምን ትበል? ግቢው ጸጥ አለ። ከመንገድ ባጃጅ እንኳን አላለፈም። እኔ አንድ ዓይኔን ገልጬ ጠበቅሁ።

መጣች። አጋሙ ጫፍ ላይ፣ ከአበባው መሀል፣ ፀሐይዋ በደረቷ በኩል እየበራችላት ወጣች። ጅራቷን ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። ዘርጋ አድርጋ፣ እንደገና ወደ ግራ። ከዚያ የበለጠ ጥርት ያለ ማስረጃ ለፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም። የኅሊና ጸሎት ጉድለት ግን ያን ጊዜ ታየኝ፤ ዳኞቼ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ተመልከቱ" ብል ትሄዳለች። ዝም ብል ሳያዩ ያልቃል። ጓደኛዬን በክርኔ ነካሁት፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይበልጥ አንገቱን ደፋ፤ በዚያን ዕለት ካልጠፋ ጊዜ መንፈሳዊ ሆነ። ተስፋ ቆርጬ ወደ ባለ ጭራው ሽማግሌ ሳይ፣ እሳቸውም አንድ ዓይናቸውን ገልጠዋል። ዓይናቸው አጋሙ ላይ ነው። እጃቸው ደግሞ ሳያውቁት ጭራቸውን ቀስ እያደረገ ያወዛውዛል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ወፊቱና ሽማግሌው ፊት ለፊት ሆነው ይወዛወዛሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስላልሳቅሁ ራሴን ዛሬም አደንቃለሁ።

"አሜን!" አለ ጓደኛዬ በድንገት፤ ወፊቱም ጠፋች።

"አያችሁ?" ብዬ ጮኽኩ።

"ምኑን?" አለ።

"እኔ አየሁ" አሉ ባለ ጭራው ሽማግሌ።

ጓደኛዬ ዞሮ አፈጠጠባቸው። "አባባ፣ በጸሎት ጊዜ ዓይንዎን ገለጡ?"

"ገለጥኩ።"

"እንግዲያው ይህ ምስክርነት ይያዛል ወይ? በጸሎት መሀል የታየ ነገር—"

"ታዲያ ከጸሎት መሀል የበለጠ እውነት የሚታየው መቼ ነው?" አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። "ዹጋ ነው፣ እውነት ነው! እኔ ወጣት ሳለሁ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ ደረቁ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ይቺኑ በበልግ አያት ነበር። ልክ እንዲህ ነው የምታደርገው።" ጭራቸውን አወዛወዙት። "ክረምት ሲገባ ብትፈልጋት የለችም። የት እንደምትሄድ አላውቅም ነበር እንጂ እዚህ የምትኖር አይደለችም። መንገደኛ ናት።"

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። አሸንፌያለሁ። ያሸነፈ ሰው ግን አፉን ሲዘጋ ያየ ማን አለ?

"እኔስ ምን አልኩ!" ብዬ ወንበሩ ላይ ልወጣ ትንሽ ቀረኝ። "አዳማ ሙሉ ሰው ሲያልፍባት እኔ ነኝ ያወቅኋት! አገሯን ያወቅሁ እኔ፣ መንገዷን ያወቅሁ እኔ፣ ስም ያወጣሁላት እኔ!"

"እንዲያ ከሆነ እንግዳይቱ የአንተ ናት?" አሉ ሽማግሌው ለስለስ ብለው።

"የእኔ ነቻ! የማን ልትሆን ነው?"

"የእሷ አይደለችም?" አሉ ወደ ጎረቤቴ እያመለከቱ።

"እሷማ ከግቢዋ አመዳም ለይታ አታውቃት!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጓደኛዬ ፈገግ አለ። ትንሽ ከተንሾካሾኩ በኋላ ባለ ጭራው ሽማግሌ ፍርዱን ተናገሩ። አጥሩ አይነካም፤ እንግዳ አለበት። ነገር ግን እንግዳ የመጣበት ሰው ቦታ ይለቃል እንጂ ጎረቤቱን ቦታ አያስለቅቅም። እንግዳይቱ የእሱ መሆኗን ራሱ ሦስቴ መስክሯል። ስለዚህ ድንኳኑ በእሱ ግቢ ይተከላል።

"በእኔ ግቢ?" አልኩ። "ብረቴስ?"

"ብረት ጅራት የለው፤ ይነሳል" አለ ጓደኛዬ።

ጎረቤቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። ያን ጊዜ ሐዘን መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ድንኳኑ አልገባ ካላት ጊዜ ጀምሮ ዓይኗ ግቢዬ ላይ ሳይሆን አልቀረም። በቀጥታ ብትጠይቀኝ ኖሮ እንቢ እንደምል ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ብረቱን ማንሳት የሕማማትን ሳምንት በሙሉ ወሰደ፤ ስግደቴን በዚያ አቻቻልኩት። ጓደኛዬ በየቀኑ መጣ፤ አንድ ብሎን ሳያነሳ ወንበር ላይ ሆኖ "ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ" እያለ እያዘዘ። ጋቢናውን ከሥሩ ቧንቧ አስገብተን እያንከባለልን ስናወጣው መንገድ ላይ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ግን ሐሳቤ አጥሩ ላይ ነበር። ድንኳን ከተተከለ ድምፅ ማጉያ ይመጣል። ድምፅ ማጉያው ከአጋሙ በስተጀርባ ነው የሚቆመው። ወፍራ ሳትጨርስ ብትባረርስ? ፍርዱ ከቆራጭ እንጂ ከከበሮ አላዳናትም።

በየጠዋቱ ብረቱን ከመንካቴ በፊት አያታለሁ። ደረቷ ከዕለት ወደ ዕለት ክብ እያለ መጣ፤ ስትመጣ እንደ ጣት የነበረችው አሁን እንደ ሎሚ ሆናለች። ዓርብ ስቅለት ጠዋት ደግሞ ሰምቼው የማላውቀውን ሰማሁ፤ አጋሙ ውስጥ ሆና፣ አፏን ሳትከፍት ማለት ይቻላል፣ ለራሷ ብቻ ታንጎራጉራለች። ወፍ ዋናውን ዘፈኗን የምትዘፍነው አገሯ ገብታ ጎጆ ስትሠራ ነው። ይህ ልምምድ ነበር። ሞተር ለረጅም መንገድ ከመነሳቱ በፊት ቀስ ብሎ ሲሞቅ ያለውን ድምፅ የማያውቅ ሰው ልምምድ መሆኑን አይለየውም። እኔ ለየሁት። ጓደኛዬን ጠርቼ፣ "ልትሄድ ነው" አልኩት።

"ነገረችህ?"

"አዎ።"

በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ባዶ ነበር። አጋሙን በሙሉ ዞርኩት፤ ቅንጭቡን አየሁ፤ የግቢዋ አመዳም ብቻ ጅራቷን ቀስራ ጮኸችብኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ንፋሱ ከደቡብ ነበር። ታንከሯን ሞልታ ነው የሄደችው። ያንን ቀን ብረት ሳላነሳ ዋልኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ወገቤን አመመኝ አልኩ።

ሰርጉ አማረ። ድንኳኑ ግቢዬን ከዳር እስከ ዳር ሞላው፤ አዳማ ውስጥ እንደዚያ ለድንኳን የተመቸ ሜዳ ያለው ሰው አለመኖሩን ሁሉም መሰከረ፤ እኔም አላስተባበልኩም። ከሻሸመኔ የመጡት ዘመዶች የቤቱ አባት መስዬያቸው እየመጡ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ሽቅብ ይዤ ሳምኳቸው እንጂ አላረምኳቸውም። ሙሽራዋ ስትወጣ፣ "አባባ፣ ወፏ ሄደች አይደል?" ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። "ከከበሮው በፊት" አልኳት። ደስ አላት፤ እንዲያውም ከእናቷ ይልቅ የእኔን ክርክር ስትደግፍ እንደነበር ያን ቀን ነገረችኝ።

ድንኳኑ በተነሳ ማግስት በረንዳዬ ላይ ሆኜ አረፍ ስል፣ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል መጣች። በእጇ ገጀራ ይዛለች።

"ጋሼ፣ ቤትዎንም ግቢዎንም ለቀቁልን። እግዜር ይስጥልኝ።"

"አሜን። ገጀራው ምንድን ነው?"

"እንግዳዎ ሄዱ አይደል? ሽማግሌ የፈረደው እንግዳ እስካለ ድረስ ነው። ብሎኬቱ ዛሬ ይራገፋል።" ገጀራውን ቅንጭቡ ላይ አሳረፈችው።

ቡናዬን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ።

"ሄዳለች" አልኩ። "ሄዳ ወልዳ ስትመለስ ግን የት ልታርፍ ነው?"

ገጀራው ቆመ። "ስትመለስ?"

"ቱርክ በረዶ ሲጥል እዚያ ትቀመጣለች ብለሽ ነው? በጳጉሜ፣ ግፋ ቢል በመስከረም፣ ወደ ኬንያ ስትወርድ በዚሁ ታልፋለች። ያን ጊዜ ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ ልጆቿን ይዛ ነው።"

"ይህንን ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገሩም?"

"ስለ መምጣቷ ጠየቁኝ እንጂ ስለ መመለሷ ማን ጠየቀኝ?"

አፏ ሊስቅ ሲል ትከለክለዋለች። በዚህ መሀል ሁለተኛዋ ልጇ ከቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ ድምፅዋ ይሰማ ነበር፤ ለእሷም ሽማግሌ እየተላከ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤቴ ወደዚያ ዞር አለች፤ ከዚያ ግቢዬን፣ ባዶውንና ሰፊውን ግቢዬን፣ ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካችው።

ገጀራዋን በብብቷ ሥር ከተተችና፣ "ጋሼ" አለችኝ፣ "መስከረም የአበባ ወር ነው፤ ለሰርግ አይከፋም።"